1600 ጊዜ ያጎላል የተባለው ማይክሮስኮፕና የዘጌዋ ጢንዚዛ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1600 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው 3,800 ብር። የገዛሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ገበያው አካባቢ ካሉት የስልክ ዕቃ መሸጫዎች ከአንዱ ነው። ሻጩ ወጣት ነው፣ ደንበኛ አያያዝ ያውቃል። «እህቴ፣ ይሄ ባክቴሪያ ሳይቀር ነው የሚያሳይሽ» አለኝ። እኔ ባክቴሪያ አልፈለግሁም። አንዲት ጢንዚዛ እግሯ ጫፍ ላይ ስንት አንጓ እንዳላት መቁጠር ነበር የፈለግሁት። እሱንም ነገርኩት። ካርቶኑን ገልብጦ አየና «እሱማ አያቅተውም» አለ።

ከገዛሁት አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከእጄ አይወጣም። ባዮሎጂ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ባገኙኝ ቁጥር «እንግዛው ወይስ ይቅርብን?» ይሉኛል። እኔም የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ። መልስ አለኝ፤ ግን ጢንዚዛዋን ሳላስተዋውቃችሁ መልሱን ብነግራችሁ አይገባችሁም።

መጀመሪያ ያየኋት የዛሬ ሁለት ዓመት በፍልሰታ ነው። ከእናቴ ጋር ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልንሳለም በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። በጠዋት ነው የተነሳነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሳበታል፣ እናቴ ደግሞ ማዕበል ትፈራለች። እሷ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ስትቆይ እኔ በቡናው ውስጥ ወደሚያልፈው መንገድ ተመለስኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ ቅጠሉ ገና ያንጠባጥባል።

ዘጌን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። እዚያ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ብለው አባቶች ከትውልድ ትውልድ ጠብቀውታል። ቡናው የሚበቅለው ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ዛፍ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በወደቀበት ይበሰብሳል። እኔ የምፈልገው ነገር የሚኖረው እንዲህ ያለ ግንድ ላይ ነው።

መንገዱ ዳር አንድ የወደቀ ብሳና አለ። ቅርፊቱ ተላልጧል። አንዱ ጎኑ ላይ ቡናማ ፀጉር የመሰለ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት እያንዳንዱ ፀጉር በቀጭን ጥቁር አገዳ ላይ የተተከለ ነው። ስቴሞኒቲስ ይባላል። ፈረንጆቹ ስላይም ሞልድ ከሚሉት ወገን ነው፤ እኔ ለተማሪዎቼ «ዝልግልግ ሻጋታ» እላቸዋለሁ። ስሙ ሻጋታ ይሁን እንጂ ሻጋታም እንጉዳይም አይደለም። ለአሜባ ነው የሚቀርበው። ዕድሜውን ዝልግልግ ሆኖ በበሰበሰ እንጨት ውስጥ እየተሳበ ባክቴሪያ ሲበላ ይኖራል። ያ ሁሉ ዝልግልግ አንድ ሕዋስ ነው፤ ውስጡ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ኒውክሊየስ አለ። ጊዜው ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣና ፀጉር፣ ወይም ኳስ፣ ወይም ቂጣ መስሎ ስፖር ያዘጋጃል። ቢጫውን እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። ከዝናብ በኋላ እንጨት ላይ የተሰበረ እንቁላል የፈሰሰ ይመስላል። እሱ ፉሊጎ ነው።

ፀጉሩ መሐል አንድ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነገር ነበር። ከጤፍ ይበልጣል፣ ከምስር ያንሳል። በሣር ጫፍ ነካ አደረግኋት። ጭንቅላቷን ከደረቷ ሥር፣ ደረቷን ከሆዷ ሥር ከተተችና ተጠቀለለች። ዓይኔ ሥር የጎመን ዘር ሆነች። ከዚያ ተንከባልላ ቅጠሉ ውስጥ ገባች። ተንበርክኬ ፈለግኋት፣ የለችም።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ክረምት 11 ጊዜ ዘጌ ተመላለስኩ። ያገኘሁት 3 ብቻ ነው። ምግቧ ራሱ ጥቂት ቀን ቆሞ ዱቄት ሆኖ የሚበን ነው። ቀኑን ካልገጠማችሁት ግንዱን ታገኙና ፀጉሩን አታገኙም። ፀጉሩን አግኝታችሁም እሷን ላታገኙ ትችላላችሁ።

ያኔ እጄ ላይ የነበረው አጉሊ መነጽር ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዛሬም ኪሴ ውስጥ አለ። ግን ከሱ ጋር የምችለው «ጥቁር፣ ክብ፣ የምትጠቀለል» ብዬ ማስታወሻ መጻፍ ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ ማንነት አይሆንም። ጣና ላይ ባርበስ እያልን በአንድ ስም የምንጠራውን ዓሣ አስቡት። ባለሙያዎች አፉንና የጭንቅላቱን ቅርጽ እያስተያዩ ከጣና በቀር የትም የሌሉ 15 ገደማ ዝርያዎች ለይተውበታል። ያን ያህል ልዩነት ዓሣ ላይ፣ ክንድ በሚያህል ነገር ላይ ካለ፣ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል በሆነች ጢንዚዛ ላይ ስንት ይኖር ይሆን እያልኩ ነው ያንን ማይክሮስኮፕ ለመግዛት የወሰንኩት።

ዕቃውን ቤት ሳመጣው መጀመሪያ ሥሩ ያስቀመጥኩት የተማሪ ማስመሪያ ነው። መጠኑ የእጅ ባትሪ ያህላል። በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ይገናኛል፣ ዓይን የሚያስጠጉበት ነገር የለውም፣ ምስሉ ስክሪን ላይ ነው የሚመጣው። መሐሉ ላይ የሚዞር ቀለበት አለ። ምስሉ የሚጠራው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። አንደኛው አፉ ከሚታየው ነገር ራቅ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ስክሪኑን ይሞላል። ሁለተኛው አፉ ከዕቃው ጋር ሊነካካ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ስክሪኑን የሚሞላው 1.7 ሚሊ ሜትር ነው። የላፕቶፔ ስክሪን ወርድ 340 ሚሊ ሜትር ነው። 340 ለ1.7 ሲካፈል 200 ይሆናል። በቃ፣ ጫፉ ይኸው ነው። ያንኑ ምስል በስልኬ ሳየው 90 እንኳ አይሞላም።

ታዲያ 1600 ከየት መጣ? ምስሉን በሶፍትዌር ከመለጠጥ ነው። ካርቶኑ 2 ሜጋ ፒክስል፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ነጥብ ይላል። ያነሳሁትን ፎቶ ስከፍተው ግን 640 በ480 ነው፣ ጠቅላላው 300,000 ነጥብ ገደማ። 1.7 ሚሊ ሜትር ለ640 ነጥብ ሲከፋፈል አንዱ ነጥብ 0.0027 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ብዙ ባክቴሪያ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ የሻጩ ነገር አልሆነም። ሥዕሉን የቱንም ያህል ብትለጥጡት ሰፋፊ አራት ማዕዘን ነጥብ ታያላችሁ እንጂ አዲስ ነገር አይመጣም።

ነገር ግን ሌላም ስሌት ሠራሁ። የዚያች ጢንዚዛ የእግር ጫፍ አንጓ ርዝመቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን 18 ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። 18 ነጥብ ደግሞ ለመቁጠር ይበቃል። ዕቃውን ያልመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ጢንዚዛዋ ከፋርማሲ በገዛሁት 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ተጠቅልላ ነው የተቀመጠችው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሳቆያት ትንሽ ለሰለሰች። ከሕፃናት የቀለም ብሩሽ ላይ ሁለት ፀጉር ብቻ አስቀርቼ በሱ ቀስ እያልኩ ዘረጋኋት። ይህንን የምሠራው ዕቃውን ራቅ አድርጌ፣ 38 ጊዜ ገደማ በሚያጎላበት ቦታ ላይ ነው። ወደ 200 ካስጠጋሁት በኋላ መርፌም ብሩሽም ማስገቢያ ቦታ የለም። ስክሪኑ ደግሞ ከእጄ ይዘገያል። እጄን ወደ ግራ ስወስድ ምስሉ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚከተለው። አንድ ጊዜ በዚህ መዘግየት ምክንያት የኋላ እግር ሰብሬአለሁ። እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ከሦስቱ የአንዷ ነው።

ቀጥሎ ብርሃኑ። አፉ ዙሪያ 8 ትንንሽ አምፖሎች አሉ። ጢንዚዛዋ እንደ ተወለወለ ጫማ ታብለጨልጫለች። በመጀመሪያው ፎቶዬ ጀርባዋ ላይ የሚታየው 8 ነጭ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጨለማ። መፍትሔውን ያገኘሁት ከእርጎ ኩባያ ነው። ነጩን ፕላስቲክ ኩባያ ቀለበት አድርጌ ቆረጥኩና ጢንዚዛዋ ዙሪያ አቆምኩት። የራሱን የዕቃውን መብራት በገመዱ ላይ ባለው መዘውር ዝቅ አደረግሁ፣ የጠረጴዛ መብራቱን በኩባያው ላይ ከጎን አበራሁ። ያን ጊዜ የክንፏ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ወጡ። ይህን ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ይህችን ዘዴ ይያዝ። ከዕቃው ዋጋ ግማሹ እዚያ ኩባያ ውስጥ ነው።

የቆጠርኩት ማታ ነው። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። ዕቃው ኃይል የሚወስደው ከላፕቶፑ ስለሆነ መሥራት አላቆመም። የጠረጴዛውን መብራት በስልኬ ባትሪ ተካሁ። የፊት እግር፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስተኛው ረዘም ያለና ጥፍር ያለበት ነው። የመሐሉ እግር፣ አምስት። የኋላው፣ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። አራት ነው። በሌላኛው በኩልም አራት።

5፣ 5፣ 4። ዝልግልግ ሻጋታ በሚበላው፣ አጋቲዲየም በሚባለው የጢንዚዛ ወገን ይህ የወንድ ቁጥር ነው። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ 5፣ 4፣ 4 ናት። «እሷ» እያልኩ የከረምኩት ወንድ ነበር። ከዚያ ጭንቅላቱን ዞር አድርጌ አየሁት። የግራ መንጋጋው ከቀኙ ረዝሞ እንደ ቀንድ ወደ ላይ ቀና ብሏል። በዚያ ወገን ይህም በብዙ ዝርያዎች ወንዶች ላይ የሚታይ ነው፣ ሁልጊዜም በግራ ሲሆን። ሁለተኛው ወንድ ላይ ግን ቀንዱ እምብዛም አይታይም። ሰውነቱ ያነሰ ነው። ትልቁ ወንድ ትልቅ ቀንድ፣ ትንሹ ትንሽ ቀንድ ወይም ከነጭራሹ የለውም። ይህንን የማያውቅ ሰው ሁለቱን ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

አንቴናውም ተቆጠረ፤ 11 ክፍል። መጨረሻዎቹ ሦስቱ ወፍረው ዱላ ሠርተዋል። 8ኛው ከ7ኛውና ከ9ኛው ያንሳል። ሌዮዲዴ የሚባለው ቤተሰብ መታወቂያው ይህ ያነሰ 8ኛ ክፍል ነው። ሲያዩት የማይረባ ነገር ይመስላል። እኔ ስክሪኑ ላይ ሳየው ብቻዬን ጮኬ እናቴን ቀስቅሻለሁ።

የሚጠቀለል ጢንዚዛ ሁሉ አንድ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ዕቃው የረዳኝ። ክላምቢዴ የሚባሉት ይጠቀለላሉ፤ ግን አብዛኞቹ ከዚህ ያነሱ ናቸው፣ የአንቴናቸው ዱላ ሁለት ክፍል ነው። ከእበት ጢንዚዛ ዘመዶችም የሚጠቀለሉ አሉ፤ አንቴናቸው ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው። ስፊንዲዴ የሚባሉት ዝልግልግ ሻጋታ ብቻ ነው የሚበሉት፤ ገላቸው ረዘም ያለ ነው፣ ኳስ አይሆኑም። ሦስቱንም እየሰረዝኩ ሄድኩ። የቀረልኝ የሌዮዲዴ ቤተሰብ፣ በውስጡም አጋቲዲየም ያለበት አጋቲዲኒ የሚባለው ነገድ ነው፤ ነገድ ከቤተሰብ ያነሰ ምድብ ነው። በወርቅ ሠሪ መነጽር «ጥቁር፣ ክብ» ላይ ቆሜ የነበርኩት ሴት በ3,800 ብር ዕቃ ነገድ ድረስ ደረስኩ።

ልኬት ላይ ግን ዕቃው አሳስቶኛል። አብሮት የሚመጣው ሶፍትዌር ስንት ጊዜ እንዳጎላችሁ ራሳችሁ እንድትጽፉ ይጠይቃል። ካርቶኑን አምኜ ስጽፍለት ያወጣልኝ ቁጥር ከእውነቱ ጋር ምንም አይገናኝም። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ፎቶ መጀመሪያ ማስመሪያ አነሳለሁ፣ ቀለበቱን ሳላንቀሳቅስ ጢንዚዛውን አነሳለሁ፣ ነጥቡን ራሴ አሰላለሁ። የሚጠቀለል ነገር ስለሆነም ጭንቅላቱን፣ ደረቱንና የክንፉን ሽፋን ለየብቻ ለክቼ ነው የምደምረው። ትልቁ ወንድ 2.6 ሚሊ ሜትር መጣ። ላዩ ጥቁር፣ ሆዱና እግሩ ቀይ ዳማ፣ የአንቴናው ጫፍ ጠቆር ያለ። ይህ ሁሉ በማስታወሻዬ አለ።

ከዚህ በኋላ ዕቃው ቆመ። ይህንን ለሚገዛ ሰው በግልጽ መናገር አለብኝ። በነዚህ ጢንዚዛዎች አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው የወንዱ ብልት ቅርጽ ነው። ከውጭ መንታ የሚመስሉ ጢንዚዛዎች እዚያ ላይ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኬሊ ሚለርና ኩዌንቲን ዊለር የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከዚሁ ቡድን 65 አዲስ ዝርያዎችን ሰየሙ። ሦስቱን በጊዜው በነበሩት በፕሬዚዳንት ቡሽ፣ በምክትላቸው ቼኒና በመከላከያ ሚኒስትሩ ራምስፌልድ ስም ስለጠሯቸው ዓለም ያወራው ስለ ስሞቹ ነው። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። አጋቲዲየም ቡሺ ከአጋቲዲየም ቼኒያይ የሚለየው በስሙ አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነገር አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ ከጎንና ከላይ ስሎት ነው። 65 ጊዜ።

እኔ ያንን በዚህ ዕቃ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ምስሉ ጠፍጣፋ ነው። አንዱ መርፌ ከሌላው በላይ ይሁን በታች ስክሪኑ አይነግራችሁም። ለእንዲህ ያለ ሥራ በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ ጥልቀት የሚሰጥ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ሄጄ «ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» እየተባልኩ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ ደብዳቤውንም ይዤ ሄጄ አልተሳካም። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ በሚሠራበት ላብራቶሪ ለአንድ ቅዳሜ ተፈቀደልኝ። እዚያ ያለው ማይክሮስኮፕ ከ7 እስከ 45 ጊዜ ነው የሚያጎላው። 45 ብቻ! ግን ዓይኔን ሳስጠጋ ጢንዚዛው ከጠረጴዛው ላይ ተነስቶ የቆመ መሰለኝ። በእግሮቹ መሐል ያለው ክፍተት ይታያል። መርፌዬ በየትኛው ጉድጓድ እንደገባ አውቃለሁ። የሆዱን ጫፍ ለየሁ፣ ሥጋው እንዲሟሟ በኬሚካል ታጠበ፣ ቀጭን ቡናማ ቱቦ ቀረ። ከጎን ሲታይ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፣ ጫፉ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስስለው ዋልኩ።

አዲስ ዝርያ አገኘሁ እያልኩ አይደለም። ያንን ለማለት ቅርብ ዘመዶቹን ሁሉ፣ መጀመሪያ ሲሰየሙ የተቀመጡትን ናሙናዎች ሳይቀር፣ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ገለጻው ታትሞ መውጣት አለበት፣ ስሙን የሚሸከም አንድ ዓይነተኛ ናሙና ማንም ሊያየው በሚችልበት ሙዚየም መቀመጥ አለበት። እኔ ያለኝ ሦስት ናሙና፣ ሥዕሎች፣ ፎቶዎችና መለያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ዘጌ፣ የቡና ደን፣ የበሰበሰ ብሳና ግንድ፣ ስቴሞኒቲስ ላይ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢዋ ስም። ናሙናዎቹን አዲስ አበባ አራት ኪሎ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም ለመውሰድ አስቤያለሁ። የኔ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጡ ጉንዳን ይጨርሳቸዋል።

ስለ ዕቃው የቀረውን በአጭሩ። መቆሚያው ቀላል ነው፣ ጠረጴዛው ሲነካ ይወዛወዛል፤ እኔ ከአንድ ከባድ ጣውላ ጋር በብሎን አሰርኩት። ፎቶ ማንሻው ቁልፍ ራሱ ዕቃው ላይ ስላለ ስትጫኑት ምስሉ ይናጣል፣ በላፕቶፑ ኪቦርድ አንሱ። ገመዱ አንገቱ ላይ ይሰበራል። በሁለተኛው ወር ከ8ቱ አምፖሎች አንዱ ጠፋ። ሱቁ ስወስደው «ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» ተባልኩ። ስልክ ላይ ለመሰካት ኦቲጂ የሚባለው ማገናኛ ለብቻው ይገዛል፤ ሁሉም ስልክም አይቀበለውም።

ታዲያ ይገዛ? ለክፍል ማስተማሪያ አዎ፣ ያለ ማመንታት። 60 ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ከሚሰለፍ በቴሌቪዥን ስክሪን ሁሉም አንድ ላይ የጢንዚዛ አንጓ ቢቆጥር ይሻላል። የኔ ልጆች ቆጥረዋል፣ አንዷ የኋላው እግር ላይ ከኔ ቀድማ «ቲቸር፣ አራት ነው!» ብላለች። ነፍሳትን እስከ ቤተሰብና እስከ ነገድ ለመለየትም ይበቃል። ዝርያ ለመለየት፣ ለመሰንጠቅ፣ በእጅ ለመሥራት ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ጨምራችሁ ባለ ሁለት ዓይኑን ግዙ። ስትገዙም ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ያሳያችሁ፣ ስክሪኑን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሞላው ቁጠሩ። የካርቶኑን ቁጥር ተዉት።

ባለፈው ነሐሴ ዕቃውን ዘጌ ይዤው ሄድኩ። ስልኬ ላይ ሰካሁትና ያው ብሳና ግንድ ላይ፣ ፀጉሩ መሐል አስጠጋሁት። ጢንዚዛ አልነበረም። የቡናው ባለቤት አዛውንት ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። በነዚያ ሁለት ክረምቶች ስመላለስ ለምደውኛል፣ ግን ምን እንደምፈልግ ጠይቀውኝ አያውቁም። ስልኩን ሰጠኋቸው። የስቴሞኒቲሱ አገዳዎች ስክሪኑ ላይ እንደ ቀርከሃ ጫካ ቆመዋል።

«ይሄ ከኔ ግንድ ላይ ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

ከዚያ የጢንዚዛውን ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አደረጉት። «ቀንድ አለው። የቡና ተባይ ነው እንዴ ልጄ?»

«አይደለም። ቡናውን አይነካም። ይህቺን ፀጉር ብቻ ነው የሚበላው።»

ግንዱን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ከመስከረም በኋላ ለማገዶ ልፈልጠው ነበር» አሉ። ትንሽ ቆዩና ስልኬን መለሱልኝ። «ስንት ክረምት ይበቃሻል?»